ጅማ ላይ የመጀመሪያዋን የሪሞት አውሮፕላን ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

የሪሞት አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር የሚፈልግ ሰው ጅማ ውስጥ አይጠፋም። የምህንድስና ተማሪው አለ፣ ዩቲዩብ አይቶ ልቡ የተነሣ አለ፣ ልጁን ሰበብ አድርጎ ራሱ መጫወት የሚፈልግ አባትም አለ (እሱን አልወቅስም)። ሁሉም የሚፈራው የማብረሩን ቀን ነው። አብዛኛዎቹ የመጀመሪያ አውሮፕላኖች የሚወድቁበት ምክንያት ግን ሜዳ ከመድረሳቸው በፊት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ስለዚህ ስትመርጡም ስትሠሩም አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዛሬ ብትወድቅ ማታውኑ ቤት ውስጥ፣ ከተማው ላይ በሚገኝ ዕቃ ልጠግናት እችላለሁ ወይ? መውደቋ እንደሆነ አይቀርም።

ቁንጅናዋን አይቶ መምረጥ

ተዋጊ ጄት የምትመስለውን፣ ወይም ክንፏ ከሆዷ ሥር የሆነውን የጦርነት ዘመን አውሮፕላን የሚመርጥ ብዙ ነው። ፎቶዋ ያምራል። ግን ፈጣን ናት፣ ስትዘገይ ደግሞ አንዱን ክንፏን ጥላ ትገለበጣለች፣ እናንተ በዚያች ሰዓት የትኛውን ጣት እንደምታንቀሳቅሱ ገና እያሰባችሁ ነው።

ለጀማሪ የምትሆነው መልከ ጥፉዋ ናት። ክንፏ ከላይ፣ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ጫፎቹ ቀና ያሉ። መልከ ጥፉ በስም ይደግፉ ነውና ጥሩ ስም አውጡላት። ክንፉ ከላይ ሲሆን ክብደቷ ከሥር ይንጠለጠላል፣ ጫፎቹ ቀና ሲሉ ደግሞ ነፋስ ቢያዘነብላትም የሪሞቱን ዱላ ስትለቁት ራሷ ቀጥ ትላለች። ለመጀመሪያ ሦስት ቻናል (ከሪሞቱ የሚታዘዝ ነገር) ይበቃል፤ ሞተር፣ ኤሌቬተር (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራት ክፍል)፣ ራደር (ግራና ቀኝ የሚያዞረው የቆመው የጅራት ክፍል)። ኤሌሮን፣ ማለትም ክንፉ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ይቆይ። ኤሌሮን ከሌላት ግን የጫፎቹ ቀና ማለት ግዴታ ነው። ከጫፍ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነች አውሮፕላን እያንዳንዱን ጫፍ 5 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጉት። ክንፉን ጠፍጣፋ ሠርታችሁ በራደር ብቻ ላዙራት ብትሉ አፍንጫዋን ታዞራለች እንጂ አካሏ እሺ አይልም።

ሌላው፣ ክንፉን በሙጫ ከአካሏ ጋር አትለጥፉ። በላስቲክ እሰሩት። ስትወድቅ ላስቲኩ ይለቅና ክንፉ ተፈናጥሮ ሣር ላይ ያርፋል። የተለጠፈ ክንፍ ግን ከመሃል ይሰበራል፣ አካሏንም ይዞ ይሄዳል።

ትንሽ ትሁን፣ ትቀለኛለች ማለት

አትቀልም። 50 ሴንቲ ሜትር ያላት ቅንጣቢ አውሮፕላን ትንሽ ነፋስ ያንገላታታል፣ 80 ሜትር ስትርቅ ደግሞ አፍንጫዋና ጅራቷ አይለይም። ከ100 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ያለው ይሻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ባጃጅ ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ክብደትን መናቅ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጅማ ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነውና።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚገፉት ያንን የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ ሞተር 800 ግራም ይገፋል» ቢላችሁ እዚህ 680 አድርጋችሁ ቁጠሩት። አውሮፕላኗም ሳትወድቅ ልትበርበት የምትችለው ዝቅተኛ ፍጥነት 8 ወይም 9 በመቶ ይጨምራል፣ ይህ ማለት ስታርፍም ፈጠን ብላ ነው የምታርፈው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳር ቆሞ በቀስታ የሚያበራት አውሮፕላን እዚህ ያንኑ ያህል ቀስ አትልላችሁም። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ፕላን እንዳለ ከመውሰድ ክብደቱን መቀነስ፣ ካልሆነም ክንፉን ትንሽ ማስፋት ነው።

በቁጥር እንየው። 120 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ 24 ዴሲ ሜትር ካሬ ነው። ጠቅላላ ክብደቷ ከነባትሪው 700 ግራም ከሆነ በአንድ ዴሲ ሜትር ካሬ 29 ግራም ትሸከማለች። ጥሩ ነው። አንድ ኪሎ ከገባች 42 ይደርሳል፣ ያ ለጀማሪ እጅ አይሆንም።

ታዲያ ያ ሁሉ ክብደት ከየት ይመጣል? ከቦርዱ። ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋ ሄዳችሁ «ፎም ቦርድ» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ጠንካራውን የፒቪሲ ቦርድ ነው። ነጭ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ሲቆረጥ ደስ ይላል። ግን የ3 ሚሊ ሜትሩ አንድ ካሬ ሜትር 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የአውሮፕላኗ ክንፍ፣ አካልና ጅራት ተደምሮ አንድ ካሬ ሜትር ቢጠጋ ሞተርና ባትሪ ሳትጨምሩ አልቆላችኋል። የምትፈልጉት በሁለት ወረቀት መሃል ፎም ያለበትን ቀላሉን ነው። ካልተገኘ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በጋለ ሽቦ መሰንጠቅ ይቻላል። ሕርማታ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በነፃ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ቢያስከፍሏችሁም ብዙ አይሆንም። የክንፉ አጥንት ቀርከሃ ይሁን፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ ፍልጥ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን መዝኑት። ቡና በሚመዘንበት ሚዛን አይሆንም፣ ግራም የሚያነብ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትፈለግ። ወረቀት ያለውን ቦርድ ደግሞ እንደቆረጣችሁ ጠርዙን በስስ ፕላስተር ሸፍኑት። የጅማ እርጥበት ወረቀቱን ይልጠዋል። አንድ ጠዋት ጤዛ ያለበት ሣር ላይ ካረፈች በኋላ ሆዷ ተልጦ ታገኙታላችሁ።

ሙጫው ሁሉ አንድ ነው ማለት

ነጩን የካርቶን ፎም ወስዳችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉበት። ትንሽ ይንሳፈፍና ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ዙሪያው ይሸበሸባል፣ ከዚያ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ጉድጓድ ይቀራል። ማስቲሽም ፎሙን ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። በግሉ ጋን የሚቀልጠው የሙጫ ዱላ ይሠራል፣ ግን ሙቀቱን ቀንሱ፣ መጠኑንም ቆጥቡ፤ እሱም ክብደት ነው። ለማድረቅ ጊዜ ካላችሁ የእንጨት ኮላ ከሁሉም ይቀላል።

ሚዛኗን በግምት መተው

ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን አንዴ ነው የምትበረው። አፍንጫዋ የከበደ ቢያንስ ታርፋለች።

የክንፉ ወርድ 20 ሴንቲ ከሆነ ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ በሁለቱም በኩል። ባትሪውን ከታች፣ ከቦታው አስገቡ። ከዚያ ሁለት ጣቶቻችሁን ምልክቱ ላይ ከሥር አድርጋችሁ አንሷት። ቀጥ ብላ ወይም አፍንጫዋን በጣም በትንሹ ዝቅ አድርጋ መቆም አለባት። ጅራቷ ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ግፉት። መሬት ላይ «ቀረብ ብላለች፣ ይበቃል» ያላችኋት ነገር አየር ላይ ወዲያው አፍንጫዋን ሰቅላ ትቆማለች፣ ከዚያ ትወርዳለች። ባትሪው ከቦታው እንዳይንሸራተት በቬልክሮ እሰሩት። ሚዛኗን አስተካክላችሁ ባትሪው እየተንሸራተተ የምትበር ከሆነ ምኑን አስተካከላችሁ?

ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፕሮፔለሩን ፍቱ፣ ከአውሮፕላኗ ኋላ ቁሙ፣ መጀመሪያ ሪሞቱን አብሩ፣ ቀጥሎ የአውሮፕላኗን ባትሪ አገናኙ። ዱላውን ወደ ቀኝ ስትገፉ ራደሩ ወደ ቀኝ ይዙር። ዱላውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሣ። በየቀኑ፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይሄን ፈትሹ፤ ሪሞት ላይ አንዲት ቁልፍ ሳታውቁት ተነክታ አቅጣጫ ሊገለብጥ ይችላል። የኤሌቬተሩ እንቅስቃሴ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ጀማሪ ሁሌም አብዝቶ ነው የሚነካው።

አሁንም ፕሮፔለሩ እንደተፈታ ሞተሩን ትንሽ አስነሡና ሪሞቱን አጥፉት። ሞተሩ መቆም አለበት። ካልቆመ ሪሲቨሩ (አውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) ሲግናል ሲጠፋ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተነገረውም ማለት ነው፣ ያን ሳታስተካክሉ አትውጡ። ፕሮፔለሩን ስትመልሱ ቁጥር የተጻፈበት ፊቱ ወደፊት ይሁን። ገልብጦ ገጥሞ «ሞተሩ ደካማ ነው» የሚል ሰው ሞልቷል።

ባትሪውን እንደ ስልክ ባትሪ ማየት

አውሮፕላኗ የምትጠቀመው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ከስልካችሁ ባትሪ ይበልጥ ቁጡ ነው። ባለ 3 ሴሉ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው በ2.2 አምፔር ይሞላ። ሲሞላ ጥላችሁት ገበያ አትሂዱ፣ ፍራሽ ላይም አታስቀምጡት። የሸክላ ሰሃን ወይም ዕቃ ላይ ይሁን። አንድ ሴል ከ3.5 ቮልት በታች ሳይወርድ አሳርፉ፤ ርካሿ የባትሪ ማንቂያ ትጮህላችኋለች።

የጅማ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነው። ማታ ሞልታችሁ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ዝናብ ነው። ነገም ዝናብ። ክረምቱ ደግሞ እዚህ ረጅም ነው። የተሞላ ሊፖ ሳምንት ሙሉ ሲቀመጥ ሊያብጥ ይችላል፣ ጉልበቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ሊቆይ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለውን የማስቀመጫ ምርጫ ተጠቅማችሁ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አቁሙት። ያበጠውን አትውጉት፣ አታብሩበትም።

ሳይጠይቁ ማስመጣትና ሳይጠይቁ ማብረር

ለጉምሩክ አውሮፕላንም ሆነ ድሮን በሪሞት የሚበር ነገር ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ እንደሚያዝ የታወቀ ነው። ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ እንዲያመጣ ከመላካችሁ በፊት ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ጠይቁ። ትርፍ ባትሪ የሚይዝላችሁ ሰው ካለም በእጅ ሻንጣው ይያዝ፣ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኖ። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም።

የጅማ አየር ማረፊያም ከከተማው ሩቅ አይደለም፣ መንገደኛ አውሮፕላን ይመላለስበታል። በእሱ አቅጣጫ ያለ ሜዳ የቱን ያህል ቢያምር እርሱት። ከከተማ ውጭ፣ ከመብራት ሽቦና ከባሕር ዛፍ የራቀ፣ ሣሩ ረዘም ያለ ግጦሽ ፈልጉና ባለቤቱንም ቀበሌውንም አናግሩ።

ከሰዓት በኋላ መውጣት

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ አየሩ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ደመናውም ይመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ጠዋት የምትወጡበት ሌላው ምክንያት ልጆች ናቸው። አውሮፕላኗ ብቅ ስትል ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል፣ ሁሉም ልንካት ይላል፣ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ደግሞ ጣት ይቆርጣል። አንድ ጓደኛችሁ ሥራው ልጆቹን ከኋላችሁ ማቆም ብቻ ይሁን።

ወደ ሰማይ መወርወር

ስትለቋት ወደ ነፋሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በመካከለኛ ጉልበት ልቀቋት። ወደ ላይ ከወረወራችኋት ፍጥነት ሳትይዝ ትቆማለች። መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሡ ረጅም ሣር ላይ አንሳፍፏት። ከተፈጠፈጠች አፍንጫዋ ከብዷል፣ ተነሥታ ከተዘረጠጠች ጅራቷ ነው።

ሞተር አስነሥታችሁ ስትለቁ ቶሎ ከባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ አውጧት፣ ከዚያ የሞተሩን ጉልበት ቀንሱና ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። ወደ እናንተ ስትመጣ ቀኝና ግራ የተገለበጠ ይመስላል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዝቅ ባለው ክንፍ በኩል ዱላውን ግፉ፣ ትቃናለች። ይሄን ቤት ውስጥ ልመዱት። ፒካሲም የሚባል ነፃ ሲሙሌተር (የማብረር መለማመጃ ፕሮግራም) አለ፣ መብራት በጠፋ ቀን በስልክ ይሠራል።

ሙጫውን ቀብቶ ወዲያው ማብረር

ወደቀች፣ ተለጠፈች፣ ተነሣች። ግን ሙጫ ጨምራችኋል፣ ስለዚህ ሚዛኗን እንደገና በጣት አንሷት። ሞተሩ የተያዘበትን ጣውላ ነቅንቁት፣ ላላ ካለ አየር ላይ ነው የሚነቀለው። የሰርቮዎቹን (ራደሩንና ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ክንድ በቀስታ በእጅ አንቀሳቅሱ፣ ጥርሱ ከዘለለ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ጫፉ የተሸረፈ ፕሮፔለር ደግሞ ቢያሳዝናችሁም ጣሉት፣ ንዝረቱ ሁሉንም ነገር ያላላል። ገና ስታዙ አምስት ስድስት ትርፍ ፕሮፔለርና ሁለት ሰርቮ ጨምሩ። ፎሙም ቀርከሃውም ላስቲኩም እዚሁ ይገኛል፤ ፕሮፔለርና ሰርቮ ግን ሜዳው ዳር ቆማችሁ አታገኙም።