የኅብረት ስምምነት እንዴት ይደረጋል? «እንደ አቅሙ» ከምትል ቃል ጋር የተጣላ ሰው ምክር

ድሬዳዋ ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ሁለት የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል፣ ተደራድሬአለሁ። የመጀመሪያው የተፈረመ ዕለት ለስላሳ ከፍተን፣ ሙሸበክ በልተን፣ ፎቶ ተነሣን። ስድስት ወር ሳይሞላ ያቺን ወረቀት ማየት ያመኝ ጀመር። ሁለተኛው ከሞላ ጎደል ይሠራል። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ ለድሬ ሰው እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደችው። በየሰፈሩ የምድር ባቡር፣ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የሲሚንቶ ጡረተኛ አይጠፋም። እኔም ግማሹን ትምህርት ያገኘሁት ከዚራ ከሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ጋሼ ነው የምላቸው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ውል አንብቡ

«እኔ ውል የለኝም፣ በቃል ነው የገባሁት» የሚል ሰው ብዙ ነው። ውል አለህ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። ጠይቁ። ሲሰጣችሁ ደግሞ ሳታነቡ ኪስ ውስጥ አትክተቱት። በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወማችሁ እንደ ውላችሁ ይቆጠራል።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ ካልሆነ የለም። ሌላው «ኮንትራት» የሚባለው ጣጣ ነው። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገመተው። ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፦ የታመመ ሰው መተካት፣ ወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራና የመሳሰሉት። ዓመቱን ሙሉ የማይቆም ማሽን ላይ እያሠሩ በየሦስት ወሩ ኮንትራት ማስፈረም ስሙን እንጂ ነገሩን አይለውጠውም።

ትክክለኛውን አዋጅ ያዙ

ሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህን የምለው ስላፈርኩ ነው። የመጀመሪያ ረቂቃችንን ያዘጋጀነው ማኅበሩ ቢሮ ባገኘነው የአሮጌው አዋጅ ፎቶኮፒ ነበር፣ ቁጥር 377/1996። እሱ የመጀመሪያ ዓመት ዕረፍትን 14 የሥራ ቀን ይላል። እኛ «15 ይሁንልን» ብለን ሁለት ሰዓት ተከራከርን፤ አሠሪው እያቃሰተ ተቀበለን፤ እኛም ደስ አለን። አዲሱ አዋጅ ለካ 16 ቀን ሰጥቶ ጨርሷል! ደግነቱ ከሕጉ በታች የሆነ የስምምነት አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ የሚሠራው ሕጉ ነው። ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ይሠራል። ስለዚህ ሕጉ ወለል ነው። ወለሉን ሳታውቁ ስለ ጣሪያው አትደራደሩ።

የሌላ ፋብሪካ ስምምነት በፍላሽ ገልብጦ ስም መቀየርም የተለመደ ነው። እኛም ሞክረናል። አንቀጽ 31 ላይ ስንደርስ ስለ ሸንኮራ ቆራጮች አበል ይናገራል። ለማየት ጥሩ ነው፣ ለመቅዳት ግን አይሆንም።

ማኅበር ከሌላችሁ

የኅብረት ስምምነት የሚደራደረው ማኅበር ነው። 10 ሠራተኛ ካላችሁ መሠረታዊ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። መሥራች ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጡ መሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ከዚያ ምዝገባ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የመደራጀትና የመደራደር መብትን ጽፎታል። የማኅበር አባል ወይም ተመራጭ በመሆን ብቻ ማባረር ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። ይህን ለሚፈሩት ንገሯቸው፣ ምክንያቱም መፍራታቸው አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የሥራ መሪ የሚባሉት፣ ማለትም የመቅጠርና የማባረር ዓይነት ሥልጣን ያላቸው፣ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ተደራዳሪ ቡድናችሁ ውስጥ «ደጋፊያችን ነው» ብላችሁ አታስገቧቸው።

ጥያቄውን በደብዳቤ አቅርቡ

እዚህ ላይ አምስት ወር ጠፍቶብኛል። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ገብተን «ለድርድር እንቀመጥ» አልናቸው። «ምን ችግር አለው፣ በዓሉ ይለፍ» አሉን። በዓሉ አለፈ። «ኦዲት ይጨረስ።» ኦዲቱም ተጨረሰ። ከዚያ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። አንድ ቀን ለጋሼ ሳጫውታቸው ትንሽ ዝም ብለው «ገቢ አስደርገኸዋል?» አሉኝ። ምኑን? ደብዳቤ አልጻፍንማ!

ሕጉ የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ ይላል። የተጠየቀው ወገን ጥያቄው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ደብዳቤ ከሌለ አሥሩ ቀን መቁጠር አይጀምርም። ስለዚህ በማኅበሩ ማኅተም ጻፉ፣ ረቂቃችሁን አያይዙ፣ በሁለት ኮፒ ወደ መዝገብ ቤት ውሰዱ። አንዱ ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። «አስቀምጠውና ሂድ፣ እኛ እንመታዋለን» ካሉ አትሂዱ። ወንበር ካለ ቁጭ በሉ። እኔ ደብዳቤውን ባስገባሁ በስምንተኛው ቀን ተጠራን።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችሁ በፊት የድርድሩን ሥነ ሥርዓት ተስማሙ፦ ማን ይሰበስባል፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል። ቃለ ጉባኤው በየዕለቱ ይፈረም። አማካሪ ይዞ መግባት ለሁለቱም ወገን ይፈቀዳል። አሠሪው ጠበቃ ይዞ ከመጣ እናንተም ከፌዴሬሽናችሁ ወይም ከኢሠማኮ (ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሰው ጠይቁ።

አሁን ቃላቱ

የመጀመሪያው ስምምነታችን ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ ነበር፦ «ድርጅቱ ለምሽት ፈረቃ ሠራተኞች እንደ አቅሙ የትራንስፖርት አገልግሎት ያመቻቻል።» ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያጨበጨብኩትም እኔ። ሁለት ወር ሰርቪስ ነበር። በሦስተኛው ወር መኪናው ተበላሸ። በአራተኛው አንዲት ፒክ አፕ መጣች፣ ከኋላ ተጭነን። በአምስተኛው እሷም ቀረች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚወጡ ሴቶች ባጃጅ ፍለጋ በጨለማ እስከ አስፋልቱ ይሄዱ ጀመር። ስምምነቱን ይዤ የሰው ሀብት ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው አነበበውና እርሳሱን «እንደ አቅሙ» የሚለው ላይ አሳረፈ። «አቅም የለንም» አለኝ። በቃ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም። ቃሉ የራሳችን ነው፤ ፈርመንበታል።

ከዚያ በኋላ አንድ አንቀጽ ሳነብ አራት ነገር እጠይቃለሁ። ማን ያደርጋል? ስንት? መቼ? ካላደረገስ? አራተኛዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል። በሁለተኛው ስምምነት ያው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «ከምሽቱ 4፡00 ሰዓት ለሚወጡ ሠራተኞች ድርጅቱ ሰርቪስ ያቀርባል። ሰርቪሱ 4፡15 ከግቢው በር ይነሣል፤ ሳቢያን፣ ለገሀሬና ገንደ ቆሬ ያደርሳል። ሰርቪስ ባልቀረበበት ምሽት ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የባጃጅ ዋጋ ይከፍላል።» ዋጋውንም በቁጥር ጻፍነው፣ በየስድስት ወሩ እንደሚታይም ጨመርንበት። ውበት የለውም። ግን ሰርቪሱ በቀረበት የመጀመሪያ ምሽት ስልኬ አልጮኸም። ሰዎቹ በስማቸው ተመዝግበው፣ ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

«በተቻለ መጠን»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «ጥረት ያደርጋል» የሚሉትም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን «ድርጅቱ በሚያወጣው መመሪያ መሠረት» የሚለው ነው። መመሪያውን የሚያወጣው አሠሪው ብቻውን ነዋ! የቱታው አንቀጽ እንዲያ ተጽፎ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ መመሪያው «በዝግጅት ላይ» ነበር። አሁን «በዓመት ሁለት ቱታ፣ አንዱ በመስከረም፣ አንዱ በመጋቢት» ይላል።

ደመወዝ ነው ወይስ አበል?

ቡድናችሁ የሚከፋፈለው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል እስካሁን ስለሌለ ደመወዝ ላይ ያላችሁ መሣሪያ ድርድሩ ነው። አሠሪውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ደመወዝ መጨመር ይከብደናል፣ በትራንስፖርት አበል እናድርገው» ይላል። ሠራተኛውም «ብር ብር ነው» ይላል። አይደለም። ሕጉ ደመወዝ ሲል የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስን፣ ውሎ አበልን አይጨምርም።

በቁጥር እንየው። ደመወዙ 5,200 ብር የሆነ ሰው አለ እንበል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 208 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 25 ብር። የቀኑ ትርፍ ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው፣ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 37.50 ብር። አሁን 1,040 ብር ጭማሪ መጣ። በአበል ከሆነ ትርፍ ሰዓቱ 37.50 እንዳለ ይቀራል። በደመወዝ ከሆነ ደመወዙ 6,240፣ ሰዓቱ 30፣ ትርፍ ሰዓቱ 45 ብር ይሆናል። በወር 20 ሰዓት ትርፍ ለሚሠራ የ150 ብር ልዩነት ነው፣ በየወሩ።

ጡረታም አለ። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ የሚታሰበው ከደመወዝ ነው፤ ከዚህ ጭማሪ 114.40 ብር ማለት ነው። (ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ እጁ ላይ የሚያየው ትንሽ ያንሳል። ይህን ቀድማችሁ አስረዱ፤ አለዚያ በመጀመሪያው ፔሮል ቀን «ሸጣችሁን» ትባላላችሁ። እኔ ተብያለሁ።) ከዚያ የሥራ ስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ስንብት በሚገባው ጊዜ የአራት ወር ደመወዝ ነው። ያቺ 1,040 ብር በአበል ከሆነች፣ የሚወጣበት ዕለት 4,160 ብር ትቀርበታለች።

አበል መጥፎ ነው አልልም። አሠሪው በእርግጥ ካልቻለ ከምንም ይሻላል። ግን ምን እንደምትቀበሉ አውቃችሁ ተቀበሉ። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን በደመወዝ፣ ቀሪውን በአበል ተስማማን። ካልኩሌተር ይዛችሁ ግቡ። የስልኩ ይበቃል።

ረቂቁን ለሠራተኛው አንብቡ

በቴሌግራም አትላኩት። እኛ በጠዋቱ ልከን ከምሳ በፊት አሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ያውም የመጨረሻ ወለላችን የተጻፈበት። በወረቀት አትሙና ሰብስባችሁ አንብቡ። ስብሰባውን በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ፣ በጠዋቱ አድርጉት። ከሰዓት በኋላ በድሬ ሙቀት፣ በበርጫ ሰዓት ስብሰባ የጠራ ሰው ከራሱ ጋር ነው የሚሰበሰበው። ደግሞ በአማርኛ ብቻ አታንብቡ። በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሲነበብ የሚወጣው ጥያቄ ሌላ ነው። «ያመቻቻል ማለት ይሰጣል ማለት ነው ወይ?» ብላ የጠየቀችው ከማሸጊያ ክፍል ያለች ልጅ ናት፣ በኦሮምኛ ሲተረጎምላት። ተርጓሚው ራሱ መልስ አጣ። ቃሉን ያን ዕለት አወጣነው።

ካልተስማማችሁ

ሁለቱም ወገን በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለበት። አንድ ነጥብ ላይ ከተቆለፈ የተስማማችሁበትን ፈርማችሁ ለዩትና ቀሪውን ጉዳዩ ወደሚመለከተው የአስተዳደሩ ቢሮ ውሰዱ፤ አስማሚ ይመደባል። አስማሚው በ30 ቀን ካልቋጨው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ሠራተኛው ለዚህ የአገልግሎት ክፍያ አይከፍልም። ተቆጥቶ ማሽን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። አድማ የራሱ ማስጠንቀቂያና የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት አለው፤ እሱን ሳያሟሉ መውጣት ሰው ያስባርራል።

ፈርሙ፣ አስመዝግቡ

ሲፈረም ኮፒዎቹን ለምዝገባ ላኩ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ኮፒ ስጡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መሳቢያ ውስጥ ብቻ ያለ ስምምነት እንደሌለ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) እንደሚያግደውም ኮፒው ሽፋን ላይ ጻፉበት።

ሌላ ጊዜ ካልጻፋችሁ ስምምነቱ ለ3 ዓመት ነው። ከማለቁ 3 ወር በፊት የማደሻ ድርድር ጀምሩ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ድርድሩ ሌላ 3 ወር ከተንከባለለ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ተፈጻሚነት ሊቀር ይችላል። እኛ ቀኑን የማኅበሩ ቢሮ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ጽፈነዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። ሁለቱንም ጊዜ ራሷ መልሳ ጽፋዋለች።