የነዳጁ ቁጥር አልገጥም ሲል፦ በትልልቅ አውሮፕላኖች የነዳጅ ሲስተም ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎች

ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ የነዳጁ ገጽ ሲከፈት የሚታየው ቀለል ያለ ስዕል ነው። ሁለቱ ክንፎች፣ መሃል ላይ የሆዱ ታንከር፣ ከየታንከሩ የሚወጡ መስመሮች፣ በመስመሮቹ ላይ ደግሞ መንገዱን የሚከፍቱና የሚዘጉ ክብ ክብ ቫልቮች። ኤርባስ ላይ በክቡ ውስጥ ያለችው ሰረዝ ከመስመሩ ጋር ከገጠመች ቫልቩ ክፍት ነው፤ መስመሩን ካቋረጠችው ዝግ ነው። አረንጓዴ ከሆነች ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነች የታዘዘውና የሆነው አልተገናኙም። የማስጠንቀቂያ መልእክቶቹን የሚያወጣውን ሲስተም ኤርባስ ኢካም ይለዋል፣ ቦይንግ አይካስ።

በበረራ ላይ የመጨረሻው ቃል የአውሮፕላኑ ቼክሊስት፣ አብራሪዎቹ በቅደም ተከተል የሚከተሉት ዝርዝር፣ ነው። እዚህ የምናወራው ቼክሊስቱ ለምን እንደዚያ እንደሚል ነው።

የግራና የቀኝ ክንፍ ነዳጅ ተለያየ

ምልክት፦ ግራ 18,000 ኪሎ፣ ቀኝ 14,000 ኪሎ። ሚዛኑ መዛባቱን የሚናገር መልእክት ብቅ ይላል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። አንዱ ሞተር ከሌላው ትንሽ ሆዳም ሊሆን ይችላል። ጭራ ላይ ያለችው ትንሿ ሞተር፣ ኤፒዩ፣ በብዙ አውሮፕላኖች የምትቀዳው ከግራ በኩል ነው፤ መሬት ላይ ብዙ ከሰራች የግራው ይጎድላል። ወይም ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ክሮስፊድ ቫልቭ ሳይዘጋ ተረስቷል።

መፍትሄው፦ ክሮስፊዱ ይከፈታል፣ ባነሰው በኩል ያሉት ፓምፖች ይጠፋሉ፣ ሁለቱም ሞተሮች ከበዛው ይቀዳሉ። ሲስተካከል ፓምፖቹ ይበራሉ፣ ክሮስፊዱ ይዘጋል። አለቀ።

ግን አትቸኩሉ። ነዳጁ የጎደለው ስለፈሰሰ ከሆነ፣ ክሮስፊዱን መክፈት ማለት የደህናውን ክንፍ ነዳጅ ወደ ቀዳዳው መላክ ማለት ነው።

ስለዚህ እጅ ወደ ቫልቩ ከመሄዱ በፊት አንድ ድምር ይሰራ። ስክሪኑ ላይ የቀረው ነዳጅም፣ ሞተሮቹ የተጠቀሙትም ተጽፏል። ሁለቱ ሲደመሩ ሲነሳ የነበረውን መስጠት አለባቸው። በ60,000 ኪሎ ተነስተናል እንበል። 22,000 ተጠቅመናል፣ 38,000 ቀርቷል፤ ልክ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠቀምነው 25,000 ሆኖ የቀረው 32,500 ቢሆንስ? ድምሩ 57,500 ነው። 2,500 ኪሎ የገባበት አይታወቅም። ይህ የሚዛን ጉዳይ አይደለም፣ እየፈሰሰ ነው። ድምሩ ባይቀንስም የአንዱ ሞተር ፍጆታ ያለወትሮው ካሻቀበ ጥርጣሬው ያው ነው።

ያኔ ክሮስፊዱ እንደተዘጋ ይቆያል። የሚያፈሰው ሞተሩ አካባቢ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፣ መፍሰሱም ይቆማል። የሚያፈሰው ክንፉ ከሆነ ሞተሩን ማጥፋት አይጠቅምም፤ ቅርብ ወዳለው ማረፊያ መሄድ ነው። ሁለቱም ሁኔታ ላይ ጉዞው እንደታቀደው አይቀጥልም።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2001 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን ሲበር የነበረው ኤር ትራንሳት 236፣ ኤርባስ ኤ330፣ አትላንቲክ ላይ የቀኝ ሞተሩ ነዳጅ ማፍሰስ ጀመረ። ከተቀየረው ሞተር ጋር አብሮ የማይሄድ የሃይድሮሊክ ቱቦ ተገጥሞ፣ የነዳጁን ቱቦ እየፈተገ ቀደደው። የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከነዳጁ ገጽ አልነበረም፤ የቀኝ ሞተሩ ዘይት ሙቀት ቀነሰ፣ ግፊቱ ጨመረ። አብራሪዎቹ የመለኪያ ስህተት መሰላቸው። የጭራው ታንከር ነዳጅ ወደ ፊት መምጣቱም ጉድለቱን ለጊዜው ሸፈነው። የሚዛን መልእክቱ ሲመጣ ክሮስፊዱን ከፈቱ፣ የግራው ነዳጅም ተከትሎ ሄደ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ 19 ደቂቃ ያህል ያለ ሞተር ተንሳፍፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ ላዤስ አረፈ፤ 306ቱም ሰዎች ተረፉ። ስክሪኑ አልዋሸም። ሚዛኑ ተዛብቷል አለ፣ ተዛብቶ ነበር። ለምን የሚለውን ግን አልነገራቸውም።

የመሃሉ ታንከር አልቀንስ አለ

በተለምዶ መጀመሪያ የሚያልቀው የመሃሉ ነው። የክንፍ ነዳጅ ክብደት ክንፉ ወደ ላይ እንዳይተጣጠፍ ስለሚያግዝ እዚያ ቢቆይ ይመረጣል። በቦይንግ 777 ላይ ዘዴው ቀላል ነው፤ የመሃሉ ፓምፖች ከክንፎቹ ፓምፖች በግፊት ይበልጣሉ። ሁሉም በርቶ ጉልበተኛው ያሸንፋል።

የመሃሉ ቁጥር ቆሞ የክንፎቹ ከቀነሰ፣ ወይ ማብሪያው አልተነካም ወይ ፓምፑ ደክሟል። መጀመሪያ ማብሪያውን እዩ፤ ከሁሉም ርካሹ ምክንያት እሱ ነው። ፓምፖቹ ከሞቱ የመሃሉ ነዳጅ ክብደት እንጂ ነዳጅ አይደለም፤ ከሂሳብ ይወጣል።

በቁጥሩ ቦታ ቢጫ ኤክስ ኤክስ መጣ

ታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ የለም። ቁጥሩ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ዘንጎች ነው። ነዳጅ ከአየር በእጥፍ ገደማ የበለጠ ቻርጅ ስለሚያስይዝ፣ ዘንጉ ምን ያህል እንደጠለቀ ይታወቃል። ውሃ ግን ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ታች የተጠራቀመ ውሃ ዘንጉን ሲነካ ቁጥሩ ይቃዣል። ኤክስ ኤክስ ሲሆን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ "አላውቅም" ማለቱ ነው፤ ዘንጉ፣ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ይፈተሻል።

መሬት ላይ ውሃው ከታንከሩ ሥር ይቀዳል፣ መጠኑም ከክንፉ ሥር በሚወርደው መለኪያ ዘንግ ይለካል። ሲለካ ግን አሃዱን ደግማችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1983 የነዳጅ መለኪያው የጠፋበት የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 በዘንግ ተለክቶ ሂሳቡ በፓውንድ ተሰራ። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነበር፤ የያዘው 22,300 ፓውንድ፣ ከግማሽ ያነሰ። መንገድ ላይ አለቀበትና ጊምሊ በተባለ የቀድሞ አየር ኃይል ጣቢያ ያለ ሞተር አረፈ።

የነዳጁ ሙቀት ወደ ቢጫ ተለወጠ

ረጅም በረራ፣ በጣም የቀዘቀዘ አየር። ሁለቱ የአውሮፕላን ነዳጅ ዓይነቶች፣ ጄት ኤ በ−40፣ ጄት ኤ-1 በ−47 ዲግሪ ሴልሺየስ መርጋት ይጀምራሉ፤ ማስጠንቀቂያው ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። መፍትሄው ዝቅ ብሎ ሞቅ ያለ አየር መፈለግ ወይም ፍጥነት መጨመር ነው። ቶን ሙሉ ነዳጅ ቶሎ ስለማይሞቅ ቁጥሩ ወዲያው ካልተነሳ አትደንግጡ።

ስክሪኑ ራሱ ጠፋ

የሚያስፈራው ይህ ይመስላል፣ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። መልእክቱን የሚያዘጋጁት ኮምፒውተሮች ሌላ ቦታ ናቸው፤ ስክሪኑ ማሳያ ብቻ ነው። ኤ330 ላይ የላይኛው የኢካም ስክሪን ቢጠፋ የሞተሩና የማስጠንቀቂያው ገጽ ራሱ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የነዳጁ ገጽ ቦታ ስላጣ በቁልፍ ይጠራል፣ ከታየ በኋላም የሞተሩ ገጽ ይመለሳል።