የቀርከሃ ሳይክሌን ስንጥቅ እንዴት ዘጋሁት

ባሕር ዳር የምነዳት የቀርከሃ ሳይክሌ በበጋው ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረች። ፔዳሉ መስሎኝ ግራሶ ቀባሁት፤ አልተወችም። በጥፍሬ ስዳብስ ከኮርቻው ወደ መሪው በሚሄደው ቀርከሃ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ቀርከሃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ክሩ ሁሉ በቁመት ስለሆነም በቁመቱ ይሰነጠቃል።

በስንጥቁ ሁለት ጫፍ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሳሁ፤ ስንጥቁ እንዳይሮጥ የሚይዘው እሱ ነው። ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቃጫ በኤፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ነክሬ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩበት። ከላይ ናስትሮ፣ የሚጣበቀውን ፊት ወደ ውጭ አዙሬ። ከዚያ ናስትሮውን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ትርፉ ኤፖክሲ እንደ ማር ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ይህቺን እንዳትዘሏት! በ24 ሰዓቱ ልጬ ቫርኒሽ ደገምኩት። ድምፁ ጠፋ። ስንጥቁ ሰፍቶ ውስጡ ከታያችሁ ግን፣ በእናታችሁ፣ አትንዱት።