የሁለት ቡድን ቁጥር እንዴት ወደ አንድ ይጠቀለላል?

ደሴ ቡና እየጠጣን አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። በግ ስለማድለብ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት በስሌት ወደ አንድ ማጠቃለል) እየሠራ ነው። አንዱ ጥናት ሦስት ቡድን አለው፦ ሣር ብቻ የበሉ፣ የኑግ ፋጉሎ የተጨመረላቸው፣ ፍሩሽካ የተጨመረላቸው። የልጁ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ተጨማሪ መኖ ከሣር ብቻ ይሻላል ወይ? ፋጉሎን ከሣር፣ ፍሩሽካንም ከሣር አወዳድሮ ሁለቱንም አስገብቷል። ሣር የበሉት በጎች ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ ማለት ነው! እዚህ የሚያዋጣው መኖ የተጨመረላቸውን ሁለት ቡድኖች አንድ ማድረግ ነው።

የእያንዳንዱ በግ ክብደት አያስፈልግም። ከየቡድኑ ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ ብዛት፣ አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የበጎቹ ክብደት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ ቁጥር፤ ባጭሩ ዴቪዬሽን)። ለመለማመጃ ከራሴ ያወጣሁት ቁጥር ይኸው። ፋጉሎ፦ 30 በግ፣ አማካይ 26 ኪሎ፣ ዴቪዬሽን 2። ፍሩሽካ፦ 10 በግ፣ አማካይ 22 ኪሎ፣ ዴቪዬሽን 3።

ከመጀመራችሁ በፊት ሰንጠረዡን ደግማችሁ እዩት። አንዳንዱ ጽሑፍ በዴቪዬሽን ፋንታ የሚሰጠው ስታንዳርድ ኤረር (አማካዩ ራሱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር) ነው። ያ ከሆነ በብዛቱ ስኩዌር ሩት አባዙት። ኤረሩ 0.4፣ በጎቹ 25 ከሆኑ ዴቪዬሽኑ 0.4 × 5 = 2 ነው። እኔም አንዴ ይህን ዘልዬ ሙሉ ሳምንት ሥራዬ ገደል ገብቷል።

አሁን አማካዩ። 30 × 26 = 780፤ 10 × 22 = 220። ድምሩ 1000፣ ለ40 ሲካፈል 25 ኪሎ። 26ንና 22ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 24 ይሰጣል፣ እሱ ግን ስህተት ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ 30 ፍየል በአንድ ዋጋ፣ 10 በሌላ የገዛ ነጋዴ እንኳ ሂሳቡን እንዲህ አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዴቪዬሽኑ ላይ ነው። በጎቹ በሁለት መንገድ ይለያያሉ፤ በየቡድናቸው ውስጥ እርስ በርስ፣ ደግሞም ቡድን ከቡድን። ሁለቱም መቆጠር አለባቸው።

በቡድን ውስጥ ያለውን ለማግኘት ከብዛቱ 1 ቀንሱና በዴቪዬሽኑ ስኩዌር አባዙ። 29 × 4 = 116፤ 9 × 9 = 81። ድምር 197።

በቡድኖች መካከል ያለውን ለማግኘት ደግሞ የየቡድኑን አማካይ ከ25 ጋር አስተያዩ፣ ልዩነቱን ስኩዌር አድርጉና በብዛቱ አባዙ። 30 × 1 = 30፤ 10 × 9 = 90። ድምር 120።

197 + 120 = 317። ከጠቅላላው ብዛት 1 ቀንሳችሁ ለ39 አካፍሉት፤ 8.13 ገደማ ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 2.85 ነው። ሁለቱን ዴቪዬሽኖች ዝም ብሎ አማክሎ 2.5 የጻፈ ሰው በጎቹን ከሆኑት በላይ አመሳስሏቸዋል።

ሦስተኛ ቡድን ካለም በየድምሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ቀመር የሚሠራው በአንድ ጥናት ውስጥ ላሉ ቡድኖች ነው። አንዱ ጥናት ኩታበር ወረዳ፣ ሌላው ቃሉ ወረዳ የተሠራ ከሆነ በጎቹን እንዲህ አትቀላቅሏቸው። የየጥናቱን ውጤት ለየብቻ አስሉ፤ ከዚያ ቫሪያንሱ (የውጤቱ ስታንዳርድ ኤረር ስኩዌር) ላነሰው ጥናት የበለጠ ክብደት እየሰጣችሁ አዋህዱ።