ዎልስ ወይስ ባኔከር? ስሙን ትታችሁ እነዚህን እዩ

ኦክቶበር ሲገባ ስምንተኛ ክፍል ልጅ ያላቸው ጓደኞቼ መደወል ይጀምራሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ዎልስ ይሻላል ባኔከር?» ሁለቱም ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ የዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት ሃይስኩሎች ናቸው። ትልቋ ልጄ ከእንዲህ ዓይነቶቹ በአንዱ ተምራ ወጥታለች። ዘንድሮ የታናሽ ወንድሟ ተራ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ልጁ ሲደክም ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል? ነገሩ ሁሉ ለቀለለለት ልጅ የትም ቢገባ ያልፍለታል። ትምህርት ቤት የሚለየው የመጀመሪያው ሲ ወይም ዲ ቤት ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ ለአዲስ ሰው የሚሆነውን ልንገራችሁ። ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ባኔከር፣ ማኪንሊ ቴክ፣ ባርድ፣ ዱክ ኤሊንግተን ሁሉም የመንግሥት ናቸው፤ ክፍያ የለም። ማመልከቻው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የከተማው የጋራ ማመልከቻና ሎተሪ በኩል ነው፤ እስከ 12 ትምህርት ቤት ድረስ መዘርዘር ይቻላል። የሃይስኩል ማመልከቻ ከሌላው ክፍል ቀድሞ፣ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ውጤቱ ማርች መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያለ ክፍያ ለመማር የዲሲ ነዋሪ መሆን ግድ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ የየራሳችሁን ካውንቲ ወይም ከተማ ነው ማየት ያለባችሁ። መስፈርቱ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። አንዱ ውጤትና ድርሰት፣ ሌላው የመምህር ምስክርነትና ኢንተርቪው ይጠይቃል። ኤሊንግተን የሥነ ጥበብ ስለሆነ ኦዲሽን፣ ማለትም የችሎታ ፈተና አለው። መስፈርቱ ይቀያየራልና የአምናውን ሰው አትስሙ፤ የዘንድሮውን አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ የሚያየው የፈተና ውጤትን ነው። ዲሲ ለየትምህርት ቤቱ ሪፖርት ካርድ ያወጣል፤ ፈተናው ዲሲ ኬፕ ይባላል፣ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፣ 4ና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ለክፍሉ የሚጠበቀውን ያውቃል ማለት ነው። ዎልስና ባኔከር እዚያ ላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። ግን አስቡት፤ የገቡት ልጆች ድሮም ጥሩ ውጤት ስለነበራቸው ነው የተመረጡት። ለቅሞ ለቅሞ ምርጡን ቡና የገዛ ሰው ቡናው ሲጣፍጥ ሙያው ያፈላችው ሴት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቁጥሩ እውነት ነው። የሚነግራችሁ ግን ማን እንደገባ እንጂ ምን እንደተማረ አይደለም።

እኔ የማየው ሌላ ቁጥር ነው። እዚያው የዲሲ መረጃ ላይ በየክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ ይገኛል። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያሉትን ውሰዱ። ከዚያ ሦስት ዓመት ወደኋላ ሄዳችሁ እነዚያው ልጆች 9ኛ ክፍል እያሉ ስንት እንደነበሩ እዩ። ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፤ ቤት ኪራይ አባርሮት ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር ቤተሰብ ብዙ ነው። ልዩነቱ ከበዛ ግን ዝም አትበሉ። «የት ሄዱ?» ብላችሁ ካውንስለሩን ጠይቁ። ቀጥላችሁም «የልጄ ውጤት ቢወርድ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ይመለሳል? በማን ውሳኔ? ከዚያ በፊት ምን ይደረግለታል?» በሉ። አፍ ሞልቶ የሚመልስላችሁ ካለ ደስ ይበላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ለወላጅ በሩን በሚከፍትበት ቀን፣ ኦፕን ሃውስ ላይ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ቁጭ አትበሉ። ዳይሬክተሩ ተመራቂዎች የገቡባቸውን የኮሌጅ ስሞች ስክሪን ላይ ያሳልፋል፣ ወላጅ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ስሙ ደስ ይላል፤ ልጃችሁ ማክሰኞ ከሰዓት ምን እንደሚገጥመው ግን አይነግራችሁም። እኔ የምሄደው እንግዳ የሚያስጎበኙት ተማሪዎች ጋ ነው። «በቅርቡ የወደቅሽበት ፈተና አለ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እላለሁ። አንዷ ልጅ ምንም ሳታፍር ኬሚስትሪ አለችኝ። ከዚያ ይዛኝ ሄደች። የመምህሩ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በእርሳስ የተጻፉ ስሞች፣ አጠገባቸው የምሳ ሰዓት። የእሷ ስም ሁለት ቦታ ነበር። «ምሳዬን ይዤ እገባለሁ፣ ያላወቅሁትን ያሳየኛል፣ ድጋሚ እፈተናለሁ» አለችኝ። ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ያንኑ ስጠይቅ ልጁ ሳቅ ብሎ «እዚህ የሚወድቅ የለም» አለኝ። ከእሱ መልስ በኋላ ያንን ትምህርት ቤት በልጄ ዝርዝር ላይ ወደ ታች አወረድኩት። የሚወድቅ የሌለበት ቤት የለም፤ የሚደብቅ ግን አለ።

ኮሪደር ላይ የተለጠፉ የተማሪ ጽሑፎችንም ቀረብ ብላችሁ አንብቡ። እኔ የምፈልገው የመምህሩን እጅ ነው። «ይህን ከየት አመጣኸው?»፣ «ሁለተኛው አንቀጽ ይደግማል» የሚል ጽሑፍ ካለ ልጆቹን የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። ኮከብና «ጎበዝ!» ብቻ ከሆነ ለጌጥ ነው የተለጠፈው።

በሃይስኩል ስለሚሰጡት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች፣ ስለ ኤፒ ስትጠይቁ ስንት ኮርስ አላችሁ አትበሉ። ፈተናውን ከወሰዱት ስንቱ ከ5 3ና ከዚያ በላይ አመጣ በሉ። ዎልስ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከሃይስኩል ዲፕሎማ ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይዘው የወጡ ልጆች አሉ፤ ዘንድሮም መኖሩን ጠይቁ፤ ባርድም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። በጣም ጥሩ ዕድል ነው። ስንት ጀምረው ስንት እንደጨረሱ ግን ጠይቁ። ባኔከር ደግሞ ለመመረቅ 270 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠይቃል፤ በሌላው የዲሲ ሃይስኩል 100 ነው። ቅዳሜና እሁድ ታናናሾቹን የሚጠብቅ ልጅ ካላችሁ ይህን ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ አስቡበት። ሰዓቱን ከየት እንደሚያመጣው እሱም ይናገር።

መንገዱን በትምህርት ቀን ጠዋት ራሳችሁ ሂዱበት። ከሰሜን ዲሲው ብራይትዉድ ዎልስ ያለበት ፎጊ ቦተም ለመድረስ አውቶቡስና ባቡር መቀያየር አለ። ባኔከር ከ2021 ጀምሮ ሾው ሰፈር ውስጥ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፤ ከሾው ሃዋርድ ጣቢያ በእግር ይደረሳል፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ናይንዝ ስትሪት ነው። ለዲሲ ተማሪዎች አውቶቡሱም ሜትሮውም ነጻ ነው። ነጻ ያልሆነው የልጁ እንቅልፍ ነው። ክረምት ላይ ክለብ ቆይቶ ሲመለስ ይጨልማል። እኔ ሆቴል የማታ ሺፍት ስለምሠራ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ መመዘኛ አለኝ፤ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው። ቢሮው ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ብትችሉም ጠይቁ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። «አንድ ደቂቃ ይጠብቁ» ብለው መስመር ላይ ካገናኟችሁ፣ ችግር ሲመጣም ያገኟችኋል። «እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ የለዎትም?» ካሉ ግን አሁኑኑ እወቁት። መምህሩ ስለ ልጁ ቅሬታ ሲናገር ልጁ ራሱ እንዲተረጉም ማድረግ ለማንም አይበጅም።

ዝርዝሩን ስትሞሉ በእውነት የምትወዱትን አንደኛ አድርጉ። «ከባዱን አንደኛ ካደረግሽ ቀላሉንም ታጪዋለሽ» የሚባለው ወሬ ነው። አሠራሩ በ2012 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው አልቪን ሮዝ ከሠራበት ሐሳብ የመጣ ነው፤ አንደኛውን ብታጡ ሁለተኛው ላይ ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። ልጃችሁ ከደረሰው ትምህርት ቤት በላይ ያስቀመጣችኋቸው ላይ በተጠባባቂነት ይቆያል፤ ከሱ በታች ያሉት ግን ይቀራሉ። ስለዚህ የማትፈልጉትን ትምህርት ቤት ከላይ አትጻፉ።

የሰፈራችሁ ሃይስኩል መቼም አይጠፋባችሁም፤ ሎተሪ አያስፈልገውም፤ መብታችሁ ነው። ስለዚህ እሱንም ሄዳችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ብራይትዉድ ያላችሁ የሰፈራችሁን ሃይስኩል ኩሊጅን ሳታዩ አታጣጥሉት። የደረሳችሁን ቦታ ቀኑ ሳያልፍ መዝግቡ። መመዝገባችሁ ከላይ ያለው ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያላችሁን ቦታ አያሳጣችሁም። ዝርዝሩም በጋውን ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ስልክ ቁጥራችሁን ከቀየራችሁ ወዲያው አስተካክሉ፤ ኦገስት ላይ ሲደወል የሚያነሳ ያስፈልጋል።