ለክረምትም ለበጋም አንድ የብስክሌት ጫማ፦ ችግርና መፍትሄ

በብስክሌት ሥራ ሄደው በዚያው ጫማ ለሚውሉ ሰዎች ጣጣው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሶሉና ከክሊቱ ነው። ክሊት ከጫማው ሥር በብሎን ታስሮ ፔዳሉን የሚነክሰው ቁራጭ ነው። ሌላ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ሲራመዱ ይንኳኳል፣ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል

ጫማውን ገልብጠው የብሎን ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ የእሽቅድምድም ጫማ ነው፤ ክሊቱ ትልቅ ስለሆነ ከሶሉ በታች ወጥቶ ይቀራል። ይህ አይጠገንም፣ ጫማው ከነፔዳሉ ይለወጥ። ለመራመድ የሚሆነው ባለ ሁለት ብሎኑ ነው፤ የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ኤስፒዲ የሚባለው። ትንሹ የብረት ክሊት በጎማው ጥርሶች መካከል ተቀብሮ ይቀመጣል። ሲገዙ ክሊቱን አሳስረው ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ብረቱ ጠረጴዛውን ከነካ አይግዙት። አሮጌ ጫማ ሆኖ መንኳኳት ከጀመረ ጥርሱ አልቋል።

የፊት እግር ያቃጥላል፣ ጣት ይደነዝዛል

ሶሉ ለስላሳ ከሆነ የፔዳሉ ጫና አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። በሁለት እጅ ይዘው ይጠፉት፦ ከጣቶቹ በኩል ትንሽ መታጠፍ፣ መሃሉ ግን እምቢ ማለት አለበት። ጨርሶ የማይታጠፍም አይበጅም፣ ለእግር መንገድ እንጨት ነው።

ጥበትም ሌላው ምክንያት ነው። እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣልና ጫማውን ያኔ፣ ወፍራሙን ካልሲ አድርገው ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ክሊቱ ወደ ፊት በዝቷል። በ4 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) አላልተው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ተረከዝ ይሳቡት፣ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ያጥብቁ።

ክረምት ላይ ውሃ ይገባል፣ አይደርቅም

የሐምሌ ዝናብ የሚገባው በቁርጭምጭሚት በኩል ነው፤ ውሃ አያስገባም የተባለ ጫማም የገባውን አያስወጣም። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጫማ ብቻ ከሆነ ቶሎ የሚደርቀውን፣ ስፖንጁ ስስ የሆነውን እንመርጣለን። ማታ የውስጥ ሶሉን አውጥተው ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፣ ሲርስ ይቀይሩት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አያድርጉት፤ ማስቲሹ ይለቅና ሶሉ ይገነጠላል።

በኅዳር ማለዳ ከእንጦጦ ሲወርዱ ጣት የሚቆረጥ ከመሰለ ሁለት ካልሲ አይደርቡ። ጫማው ይጠብና ደም አይዘዋወርም። አንድ የሱፍ ካልሲና ከላይ የጫማ ልባስ ይሻላል።

እግር ከፔዳል አይለቅም

ይህን ሳያስተካክሉ አይንዱ። ጭቃ ከሆነ በእንጨት ይጫሩት። ስፕሪንጉ ከጠበቀ የፔዳሉን ብሎን ወደ መቀነሻው ምልክት ያዙሩ፣ ግራና ቀኙን እኩል።

ሁለቱም ካልሆነ አንዱ የክሊት ብሎን ወድቋል። ያኔ እግርን ለማላቀቅ ጫማው ሲዞር ክሊቱ አብሮ አይዞርም፣ ፔዳሉም አይለቅም። ቆመው እግርዎን ከጫማው ያውጡ፣ ጫማውን ኋላ ይፍቱ። እንዳይደገም ብሎኖቹን ግራሶ ቀብተው ያጥብቁ፣ በየወሩም ይፈትሹ። ብሩጎላውን ከማስገባትዎ በፊት የብሎኑን ጭንቅላት ጭቃ በመርፌ ያውጡ፤ አለዚያ ጭንቅላቱ ይበላና ብዙውን ጊዜ በመሰርሰሪያ ነው የሚወጣው።