የካርታ ፎቶ አይታችሁ ቀብድ አትላኩ

ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ቤት ልትገዙ ነው። ወንድማችሁ ወይም የአክስት ልጅ ሄዶ አይቶታል፣ ወዶታል። የካርታው ፎቶ በቴሌግራም ደርሷችኋል። ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዥ አለ፣ ዛሬ ቀብድ ካልገባ ያመልጣችኋል» እያለ ያጣድፋል። እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ካርታ የሚነግራችሁ በተሰጠበት ቀን ይዞታው የማን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ባንክ አስይዞት ሊሆን ይችላል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል፣ ካርታው ራሱ መክኖ በምትኩ ሌላ ወጥቶም ሊሆን ይችላል፣ እጃችሁ የገባው ወረቀት ግን ያው እንደ ድሮው ማህተሙ አምሮ ይታያል።

የዛሬው እውነት ያለው ማህደሩ ውስጥ ነው፣ ቤቱ ባለበት ክፍለ ከተማ መሬት አስተዳደር። ፋይሉን ማንም መንገደኛ ገብቶ ስለማያስከፍት ሻጩ ራሱ ከእናንተ ሰው ጋር ይሂድና ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ እንዲጣራ ያመልክት። ቤቱ ንጹህ ከሆነ ይህን የሚከለክለው ነገር የለም። «ምን አስቸኮላችሁ፣ መጀመሪያ ቀብዱ ይግባ» ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ቤሩት ብዙ ዓመት ሠርታ ያጠራቀመች አንዲት እህት አለች። ልትገዛው የነበረው ቤት ካርታ ትክክለኛ ነበር፣ ስሙም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ። ጠበቃዋ ማህደሩን ሲያስከፍት ግን ከወረቀቶቹ ሁሉ መጨረሻ አንዲት የፍርድ ቤት ደብዳቤ ተያይዛ አገኘ። የሻጩ እህቶች የውርስ ድርሻ ጠይቀው ከሰዋል፣ ቤቱም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ታግዷል። ቀብድ ገና አልከፈለችም ነበርና ገንዘቧ ተረፈ።

ማህደሩ የማይነግራችሁም ነገር አለ፣ ጋብቻ። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሊሆን ይችላል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ያገባ ከሆነ ሚስትም ትፈርም፣ አላገባሁም ካለ ማስረጃ ያምጣ።

ኮንዶሚኒየም ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። በዕጣ የተላለፈ ቤት እስከ 5 ዓመት መሸጥ አይፈቀድም። ሰዉ ግን በጎን ውል ይዋዋልና ሻጩ ለገዥው ውክልና ይሰጣል፣ «ጊዜው ሲደርስ ስም እናዞራለን» ተባብሎ። ሻጩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። ቢሞት ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮ ያበቃል፣ እናንተም ምንም ቃል ካልገቡላችሁ ወራሾች ጋር ትፋጠጣላችሁ።

ከተማው ዳር ላይ ከአርሶ አደር በመንደር ውል የሚገዛ መሬትማ ጭራሽ አይታሰብ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። በ2011 ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ቤታቸው በግሬደር የፈረሰባቸውን ሰዎች ሁላችንም አይተናል፣ ብዙዎቹ መሬቱን ገንዘብ ከፍለው የገዙ፣ ዓመታትም የኖሩበት ነበሩ።

ሻጩ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ወረቀቱን በደንብ አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። አለመሻሩንም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ማጣራት የግድ ነው። የእናንተን ውክልና ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ስታሠሩ ደግሞ ቤቱ በእናንተው ስም እንዲገዛ በግልጽ ይጻፍበት። የውጭ ዜግነት ያላችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ በስማችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ በወንድም ስም የሚገዛበት ምክንያት የለም። ወንድምን መውደድ ሌላ ነገር ነው።

ለማጣራቱ ሥራ ከደላላው ምንም የማያገኝ ጠበቃ ቅጠሩ። የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ አንፃር ኢምንት ነው። ዘመድ ይሂድ፣ ግድግዳውን፣ ውኃውን፣ ጎረቤቱን ይይ፣ ፋይሉን ግን ለባለሙያ ተዉለት።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። ማጣራቱ ከተደረገ ሳምንታት ካለፉ በመሃል አዲስ እገዳ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ውል ልትፈርሙ ስትሉ ማህደሩ እንደገና ይታይላችሁ፣ ከዋጋውም ጠርቀም ያለው ክፍል ስሙ ወደ እናንተ ዞሮ አዲሱ ካርታ ሲወጣ የሚከፈል መሆኑ በውሉ ላይ ይስፈር።